«ይበለው!» ከማለታችን በፊት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። «ይበለው!» ስለምትለዋ። ለሴት ሲሆን «ይበላት!» ትሆናለች። ነጋዴ ሲከስር፣ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ዓረብ አገር የሄደች እህት ባዶ እጇን ስትመለስ ከብዙ ሰው አፍ ቀድማ የምትወጣው ይህች ቃል ናት። ቡና ላይ ትሰማለች፣ ባጃጅ ውስጥ ትሰማለች፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ትሰማለች። አሳዛኙ ደግሞ ከሶላት ወጥተን ጫማችንን እየፈለግን ሳለንም መሰማቷ ነው።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ደረሶቻችን አልፎ አልፎ አንድ ጥያቄ ይዘውልን ይመጣሉ። «የወደቀን ሰው በእርግጫ መምታት» የሚል አባባል መጽሐፋቸው ላይ ያገኙና «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» ይላሉ። ቃሉን መፍታት ቀላል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሕዝብ ይህን ክፋት ያየው በራሱ አገር፣ በራሱ ሥራ ውስጥ ሆኖ ነው። የእነሱንና የእኛን አባባል ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ስለ ራሳችን የምንማረው ነገር አለ።

እነሱ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው አባባላቸው ያው የወደቀን ሰው መምታት ነው። ይህ ነገር በቦክስ ሜዳቸው ላይ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1743 ጃክ ብሮተን የተባለ እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ለውድድር ደንብ ሲያወጣ፣ መሬት የወደቀን ተጋጣሚ መምታት ክልክል መሆኑን አስገባበት። በ1867 የወጣው የኩዊንስቤሪ ደንብ ደግሞ ለወደቀው ሰው የሚነሳበት 10 ሰከንድ ሰጠው። የጣለው ሰው እስከዚያ ድረስ ወደ ጥጉ ሄዶ ይጠብቃል። እስቲ አስቡት፤ ለመደባደብ ብለው የገቡ፣ ሰው ከፍሎ የሚያያቸው ሰዎች እንኳ ለወደቀ ሰው አሥር ሰከንድ አላቸው። እኛ ለጎረቤታችን ስንት ሰከንድ እንሰጣለን?

ሁለተኛው «በጉዳት ላይ ስድብ መጨመር» ይሉታል። ሥሩ ጥንታዊ ሮም ድረስ ይሄዳል። ፌድረስ የሚባል ከባርነት ነፃ የወጣ ተረት ጸሐፊ ነበር። በተረቱ ውስጥ አንዲት ዝንብ የአንድ ራሰ በራ ሰው መላጣ ላይ አርፋ ትነክሰዋለች። ሰውየው ሊገድላት ሲል እሷ ታመልጥና የገዛ አናቱን በጥፊ ይመታል። ዝንቧም ትስቅበታለች፤ ለትንሽ ንክሻ እኔን በሞት ልትቀጣኝ ካሰብክ፣ በንክሻው ላይ ውርደት የጨመርክበትን ራስህን በምን ልትቀጣው ነው ትለዋለች። ይህችን ተረት ያዙልን፤ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

ሦስተኛው «በቁስል ላይ ጨው ማሸት» ነው። ይህ እኛም ዘንድ አለ፤ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ እንላለን። አባቶቻችን ደግሞ ከዚህ የባሰ ቃል አላቸው። የተበደለ ሰው «በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደደበት» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ጨው ያቃጥላል እንጂ ቁስሉን አያሰፋም። እንጨት ግን ቁስሉን እንደገና ይከፍተዋል።

የእኛው ምሳር

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።» ይህን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። እስቲ ቆም ብለን እንየው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ምሳር ይዞ የሚጠጋው ጥቂት ሰው ነው። ግንዱ ወፍራም ነው፣ ቅርንጫፉ ሩቅ ነው፣ ሲገነደስም ሰው ላይ ሊመጣ ይችላል። የወደቀ ቀን ግን ልጁም ሽማግሌውም ምሳሩን አንስቶ ይመጣል። ከመጡት ውስጥ ዛፉን የሚጠላ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ትናንት ጥላው ሥር የተቀመጡ ሁሉ አሉበት። ሁሉም የመጡት መቁረጡ ስለቀለለ፣ የሚወስዱት ፍልጥም ስላለ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዞቹ አባባል ውስጥ መቺው ተጋጣሚ ነው፤ አንድ ሰው ነው፤ ዳኛም ቆሞበታል። በእኛ ተረት ውስጥ ግን መቺው ብዙ ነው፣ ጠላትም አይደለም፣ ዳኛ የሚባልም የለም። አባቶቻችን የታዘቡት ትልቅ ነገር ነው። የወደቀን ሰው የሚጎዳው አብዛኛው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ አጋጣሚው የቀለለለት ሰው ነው።

ሌሎቹም ተረቶቻችን ይህንኑ ያሳያሉ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ከጉልበተኛው ጋር መግጠም ያቃተው ሰው ደካማውን ሲመታ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» መከራ መከራን ሲጠራ ነው። «ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ደግሞ ጭራሽ ለወደቀው ሰው ዝም ብለህ ተኛ የሚል ይመስላል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ የሚሆነውን ይናገራሉ እንጂ ይሁን አይሉም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተረቱን እንደ ፈቃድ እንወስደዋለን። «ምን ታደርገዋለህ፣ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ብለን ትከሻችንን ነቅንቀን እናልፋለን።

በየከተማው የምናያቸውን ምሳሮች በሦስት እንከፍላቸዋለን።

አንደኛው ምሳር፦ ትርፍ

የምንኖረው በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት በዚህ ሜዳ ያልፋሉ። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ከመንገዳቸው ይወጣሉ፣ ጣናም ይሞላል፣ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። የ1998 ዓ.ምን ክረምት ትልልቆቻችን አይረሱትም፤ በፎገራና በአካባቢው ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ያው ውሃ ደግሞ ሲሳይም ነው። ለጤፍ የማይመቸው ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ለሩዝ ተመቸ። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ነው ያለው። ሩዙን «ነጩ ወርቅ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ሩዝ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ገበሬውን የሚቸግረው ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ነው። ጎተራው ባዶ ሆኗል፣ አረሙ ደርሷል፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ልጆች ደብተር ይፈልጋሉ፣ ሰው ይታመማል። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ያለው ሰው ይመጣል። «ያልደረሰውን ሰብልህን ሽጥልኝ» ይለዋል። ወይም «መሬትህን በወለድ አግድ ስጠኝ» ይለዋል፤ ማለትም ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፋንታ ይበላል። ወይም ደግሞ ሊታረስበት የነበረውን በሬ በግማሽ ዋጋ ይነዳዋል።

ለምሳሌ ያህል እንበል፤ ታኅሣሥ ላይ 4,000 ብር የሚያወጣ ኩንታል ነሐሴ ላይ በ2,000 ብር ተገዛ። ገዢው «እኔ እኮ ረዳሁት፤ ባልገዛው ልጆቹ ጦማቸውን ያድሩ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያን ዕለት ልጆቹ በልተዋል። ግን ገበሬው ለአንድ ኩንታል ገንዘብ የሁለት ኩንታል ዋጋ ያለው ምርት አስረክቧል። ጎተራው ቀድሞ ይራቆታል። የሚቀጥለው ዓመት ችግር ነሐሴን አይጠብቅም፤ ሰኔ ላይ ይደርስበታል። ያን ጊዜም የሚመጣው ያው ሰው ነው።

ነጋዴ ወንድሞቻችን እንዳይከፋቸው እዚህ ላይ ዝርዝር መናገር አለብን። ገንዘብን አስቀድሞ ከፍሎ ምርትን በኋላ መረከብ በራሱ አልተከለከለም። ይህ ሰለም የሚባለው ውል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለፍሬ አንድና ሁለት ዓመት አስቀድመው ሲከፍሉ አገኙ፤ መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ ይሁን ብለው አስተካከሉት እንጂ አላፈረሱትም። የከለከሉት ብስለቱ ያልታየን ፍሬ ከነዛፉ መግዛትን ነው፤ ጎርፍ ቢወስደው፣ በሽታ ቢመታው የአንዱ ገንዘብ በምን ይበላል? ገበሬው በሐምሌ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ነጋዴውም ትርፍ ያስፈልገዋል፤ ሐላል መንገድ አለ። በወለድ አግድ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አበዳሪ በብድሩ ሰበብ ጥቅም መብላቱን አብዛኞቹ ዑለማዎች ከሪባ ይቆጥሩታል። ሱረቱል በቀራ ቁጥር 280 ላይ ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ እንድንጠብቀው ታዘናል፤ ብንምረው ደግሞ የሚሻለው ለእኛው እንደሆነ ተነግሮናል።

የቀረው ጥያቄ የዋጋው ነው። ዑለማዎች ችግር ያስገደደው ሰው ስለሚያደርገው ሽያጭ ብዙ ተነጋግረዋል። እኛ ለወጣቱ ነጋዴ ቀለል ያለ መለኪያ እንስጠው። ዋጋውን ከመናገርህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ «ይህ ሰው ሌላ የሚሄድበት ደጅ ቢኖረው ኖሮ ይህንን ዋጋ እነግረው ነበር?» መልሱ «አይ» ከሆነ የገዛኸው ሩዙን ብቻ አይደለም፤ ችግሩንም ነው። ገበሬው ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን መለኪያው ያው ነው። በዚህ ሜዳ ላይ አብዛኛው አራሽ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ስለ እስልምና የሚያውቀው በኪታብ አንብቦ አይደለም፤ በሚዛናችን አይቶ ነው።

ሁለተኛው ምሳር፦ «ይበለው»

ይህኛው ምሳር ፍልጥ አያስገኝም። የሚያስገኘው ሌላ ነገር ነው።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና አምስት እስከ ዘጠና ሰባት የሚሆነው ወደቀ ማለት ነው። በአንድ ሌሊት ከመቶ ዛፍ ዘጠና ሰባቱ ቢወድቅ ሰው ሁሉ ስለ ነፋሱና ስለ አፈሩ ይጠይቃል። በየቤቱ የሆነው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን የወደቀ ያህል ብቻውን ተመታ። «ስልክ ሲጎረጉር ከርሞ፣ ይበለው!» ተባለ። ውጤት በወጣ ሰሞን ከቤት መውጣት ያቃታቸው፣ መስጂድ እንኳ መምጣት ያቆሙ ልጆች አሉ። የሸሹት ፈጣሪያቸውን አይደለም፤ በር ላይ የሚጠብቃቸውን «ስንት አመጣህ?» ነው።

እህቶቻችንንም እናንሳ። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከዚያም ወዲህ መመለሱ አላቆመም። ከመካከላቸው ደመወዟ የተበላባት፣ የታሰረች፣ ታማ የመጣች አለች። ሰፈር ስትገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀድማት ጥያቄ «እንዴት ነሽ?» አይደለም፤ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ነው። ለዓመታት የላከችው ብር ቤት የሠራበት ሰው ሳይቀር «ገንዘብ መያዝ አታውቅበትም፣ ይበላት» ሲል ይሰማል።

ሰው ለምን «ይበለው» ይላል? ሁልጊዜ ከጥላቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ነው። ያ ሰው የወደቀው በራሱ ጥፋት ብቻ ከሆነ፣ ያንን ጥፋት ያላጠፋሁ እኔ አልወድቅም ማለት ነው። «ይበለው» ያለ ሰው እፎይ ይላል። ይህ እፎይታ ግን ሐሰት ነው። ጎርፉ ቤት አይመርጥም፣ ፈተናውም ጎበዝ ብቻ አያሳልፍም፣ ገበያውም ይገለበጣል። ዛሬ የቆመ ሁሉ አላህ ስላቆመው ነው የቆመው።

ዓረቦች በሰው መከራ መደሰትን ሸማታ ይሉታል። ሱረቱል አዕራፍ ውስጥ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ተቆጥተው የወንድማቸውን የሃሩንን ራስ ሲይዙ፣ ሃሩን የለመኑት ጠላቶች እንዳይደሰቱብኝ ብለው ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከመከራ ጽናትና ከክፉ ዕጣ ጋር የጠላት ደስታንም ጨምረው በአላህ ይጠበቁ ነበር። እናቶቻችን ደግሞ ዓረብኛውን ሳይቀሩ «ጠላት ደስ አይበለው» ይላሉ። አንድ ነገር ነው። እንግዲህ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ በሌሊት ተነስቶ «ያ አላህ፣ ጠላት ደስ አይበለው» ብሎ ሲለምን አንተ ቀን ላይ «ይበለው» ካልክ፣ በዱዓው ውስጥ የጠላቱን ቦታ የያዝከው አንተ ነህ።

«ጥፋተኛ ቢሆንስ? ጥፋት አይነገርም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡኻሪ ውስጥ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ታሪክ መልስ ይሰጠናል። መጠጥ የጠጣ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበ፣ ቅጣቱም ተፈጸመበት። ተቀጥቶ ሲሄድ ከሰዎቹ አንዱ አላህ ያዋርድህ አለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ፤ ሸይጧንን በወንድማችሁ ላይ እንዳታግዙት አሉ። ተመልከቱ፤ ጥፋቱ እውነት ነው፣ ቅጣቱም አልቀረም። የተከለከለው በቅጣቱ ላይ የተጨመረው ነው። እርማት ልክ አለው፤ ልኩን ሲያልፍ ሰውየውን ወደ ጥፋቱ ይመልሰዋል እንጂ አያወጣውም። «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» የሚለው ተረታችንም ከዚህ አይርቅም።

በዚህ ዘመን ደግሞ ምሳሩ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ሰው ሲወድቅ፣ ሲሰክር፣ ሲጣላ፣ ፖሊስ ሲይዘው ቀድሞ የሚነሳው እጅ ሳይሆን ስልክ ነው። በድሮው ጊዜ ውርደት በሰፈር ይቀር ነበር፣ በጊዜም ይረሳ ነበር። አሁን በቲክቶክ የተለቀቀ ውርደት ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ጅዳም ይደርሳል፤ ሰውየው ቢታረም እንኳ ምስሉ አይታረምም። የመታኸው አንዴ ነው፤ ግን ባየው ሰው ቁጥር ልክ ይመታል።

ሦስተኛው ምሳር፦ «ብዬህ ነበር»

ይህ ምሳር የምክር ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ሱቁ የተዘጋበትን ሰው «ብዬህ ነበር፣ በብድር አትነግድ ብዬህ ነበር» እንለዋለን። የተፈታችዋን «ያኔ ብትሰሚኝ» እንላታለን። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያ ምክር ጊዜው አልፏል፤ አሁን የሚጠቅመው ለተናጋሪው ብቻ ነው፤ አዋቂነቱን ያሳይለታል። ምክር ማለት ሰውየው ነገ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ትናንት ማድረግ የነበረበትን መንገር ምክር አይባልም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሐሰት በተወሩባት ጊዜ፣ በወላጆቿ ቤት ሆና ስታለቅስ አንዲት የአንሷር ሴት አስፈቅዳ ገባች። ተቀምጣም አብራት አለቀሰች። ዓኢሻ በኋላ ታሪኩን ስትተርክ ያቺን ሴት አልረሳቻትም። ሴትየዋ የተናገረችው አንድም ቃል በዘገባው ውስጥ የለም። መቀመጧና ማልቀሷ ግን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ እየተነገረ ነው።

ይህን እኛ የማናውቀው ሕዝብ አይደለንም። ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እዩ። ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮውንና እንጀራውን ይዞ ይገባል፣ ሰው ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ለቀስተኛውን «ሐኪም ቤት ቀደም ብለህ ብትወስደው ኖሮ» የሚል ሰው ቢገኝ ሽማግሌ ይቆጣዋል። የሚከፋው በሬው የሞተበት ገበሬም ቢሆን መቀናጆ ያገኛል፣ በደቦና በወንፈል ይታረስለታል። ለሞት እድር አለን። ለኪሳራ፣ ለፈተና መውደቅ፣ ለፍቺ፣ ከስደት ባዶ እጅ ለመመለስ ግን እድር የለንም። ለሞተው ያለን ሥነ ሥርዓት በቁም ለወደቀው የለንም። ጉድለታችን የደግነት ማነስ አይመስለንም፤ ደግነታችን መቼ እንደሚነሳ ወግ ስላልሠራንለት ነው።

ምሳሩን የመለሰው ንጉሥ

ይህች አገር በዚህ ጉዳይ የምትኮራበት ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ሐበሻ ገቡ። ዘመድ የላቸውም፣ ንብረት የላቸውም፣ የገዛ ወገናቸው አሳዷቸዋል። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና አንድ ጓደኛውን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ለሹማምንቱም ለንጉሡም ስጦታ ደረሰ። ሹማምንቱ ይመለሱ አሉ። የንጉሡ ሥራ ቀላል ነበር፤ ስጦታውን ተቀብሎ የወደቁትን ማስረከብ። ከእነዚህ ስደተኞች የሚያገኘው ምንም ትርፍ አልነበረም።

ነጃሺ ግን መጀመሪያ ልስማቸው አለ። ጀዕፈርን ሰማ። ከሰማ በኋላ ሰዎቹን አላስረከበም፤ ስጦታውንም መለሰ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ከፍርዱ በፊት ማዳመጥ መጣ። ስለ ወደቀ ሰው የሚነግረን ሌላው ከሆነ፣ በተለይ የሚነግረን ስጦታ ይዞ ከመጣ፣ ባለጉዳዩን ራሱን መስማት ግዴታ ነው። ዛሬ ይህን ለማድረግ ንጉሥ መሆን አያስፈልግም። ሐሜት ሲመጣ «ልጁን ራሱን ጠይቀኸዋል?» ማለት ይበቃል።

ምን እናድርግ?

ብዙ አንጠይቃችሁም። አራት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ሰው ወድቆ ስታገኙት «ምን ሆንክ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ጎደለህ?» በሉት። ታሪኩን ሲፈልግ ይነግራችኋል። ማታ የሚበላው መኖሩ ግን ታሪኩን አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ነጋዴዎችና አበዳሪዎች የሆናችሁ፣ ያቺን መለኪያ ሚዛናችሁ አጠገብ አኑሯት። ዕዳ ያለበት ሰው በእውነት ካጣ ጊዜ ስጡት። ጊዜ መስጠት ገንዘብ መስጠት ማለት አይደለም፤ ሀብታም መሆንን አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ በየመስጂዱ ያላችሁ ወጣቶች ለውድቀትም ወግ እንሥራለት። ውጤት በወጣ ሳምንት ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወደ ወደቁት ጓደኞቻችሁ ቤት ሂዱ። ስለ ውጤት አታንሱ። ሻይ ጠጡ፣ ለመግሪብ አብራችሁ ውጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ሪሚዲያሉ፣ ስለ ቴክኒክና ሙያው፣ ስለ ንግዱ ማውራት ይቻላል። ከስደት የተመለሰች እህት ቤት ደግሞ እህቶች ሂዱ። ሲሄዱ ተሸኝተው ሲመለሱ የማይጠየቁበትን ልማድ እናስቀር።

አራተኛ፣ ስልኩን ኪስ ውስጥ አቆዩት። የደረሰባችሁን የሰው ውርደት ለሌላ ባታሳልፉት እናንተ ላይ ይቆማል።

አሁን ደግሞ ይህን የምታነቡ፣ ራሳችሁ የወደቃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተ የቆየናት ነገር አለች። ያቺን የዝንብ ተረት አስታውሱ። ዝንቧ የነከሰችው ትንሽ ነው፤ ትልቁን ጥፊ ያሳረፈው ሰውየው ራሱ ነው። ሰዉ «ይበለው» ሲላችሁ እናንተም ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ «ይበለኝ» አትበሉ። ጥፋት ካለ ተውበት አለው፤ ተውበት ራስን መደብደብ አይደለም፤ ተነስቶ መንገድ መቀየር ነው። ያ «መንፈራገጥ ለመላላጥ» የሚለው ተረትም እዚህ ላይ አይሠራም። የምትላላጡ ከሆነ እየተነሳችሁ ተላላጡ። ደግሞም «ሳይደግስ አይጣላም» የሚሉት የዚህችው አገር ሽማግሌዎች ናቸው። እኛ የምንኖርበት ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይውጠዋል፤ ያው ውሃ የተኛበት መሬት ነው ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚያበላው።

አላህ ከሸማታ ይጠብቀን። ምላሳችንን ለአይዞህ ያፍጥንልን፣ ለይበለው ያክብድብን። የወደቁትን ያንሳ፣ የቆምነውንም በእዝነቱ ያቁመን። ኣሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።